ቬልማ የሳቀችበት ፎቶ

ሚስተር ስታንዲሽ ጋዜጣውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ከፍ አደረገና ችሎቱ በሙሉ እስኪያይለት ድረስ ቀስ እያለ ዞረ።

"እናት ማለት ይህች ናት!" አለ። "ክቡርነትዎ፣ እኔ ከዚህ ላይ አንድም ቃል አልጨምርም። ፎቶው ራሱ ይናገር።"

አልጨምርም ያለው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ጠበቃ አይደል!

ፎቶው በትናንቱ የማታ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ የወጣ ነው። ቬልማ በዚሁ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ቆማ፣ አንገቷን ቀና፣ ግራ ትከሻዋን ወደ ፊት አድርጋ፣ ጥርሷን በሙሉ ገልጣ ትስቃለች። ከበላዩ በትልልቅ ፊደል "ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ትስቃለች" ተብሎ ተጽፏል። ስቃለች፤ ምን ይካዳል። በዘጠኝ ፊልም ላይ የሳቀችው ያው ሳቅ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያንን ሳቅ የማያውቅ ቢኖር ሲኒማ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ቬልማ ሬይ እየተባለች ስትዘፍንና ስትደንስ ሰው ሳቋን ለማየት ነበር ተሰልፎ ትኬት የሚቆርጠው። አሁን ግን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ፊልም ሠሪዎቹ ውሏን አናድስም ካሏት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ የቀራት ነገር ቢኖር የስምንት ዓመቱ ዌስሊ ነው። እሱንም ልውሰድብሽ ብሎ አባቱ ይኸው ስታንዲሽን ጠበቃ አቁሞ ፍርድ ቤት ገትሯታል።

"ጃኬቷን እንኳ አውልቃለች" አለ ስታንዲሽ ጣቱን ፎቶው ላይ ቀስሮ። "በስስ ሸሚዝ! ለፎቶ እንዲያምርላት መሆኑ ነው እንግዲህ።"

ዳኛ ኮልቪን መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣውን ተቀበሉና ረጅም ጊዜ አዩት። ትናንት ጠዋት ዌስሊን ቢሯቸው አስጠርተው ከእናትህና ከአባትህ ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ልጁ መልስ መስጠት አቅቶት ከእሳቸው ፊት እየተንሰቀሰቀ ነው የወጣው። እሳቸውም አያት ናቸው፤ ሌሊቱን ሲያስቡት ማደራቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

"ይህ የተነሣው ልጁ ከእኔ ዘንድ ከወጣ በኋላ ነው?"

"አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ክቡርነትዎ። ከፈቀዱልኝ የኮሪደሩን ጥበቃ ሚስተር ቦግስን ላሰማ።"

ሚስተር ቦግስ ወፍራም፣ ደግ፣ ወሬ የሚወድ ሽማግሌ ነው። የምስክር መቀመጫው ላይ ሲወጣ ለቬልማ በጭንቅላቱ ሰላምታ ሰጣት። ሊጎዳት እንደሆነ የገባው አይመስልም።

"እስቲ ስለ ፎቶ አንሺዎቹ ልማድ ይንገሩን" አለው ስታንዲሽ።

"የፓውደር ደቂቃውን ነው የሚሉኝ? እንዴ፣ እሱን የማያውቅ አለ እንዴ? እነዚህ ፎቶ አንሺዎች ባለጌ ይመስላሉ እንጂ የራሳቸው ጨዋነት አላቸው። ሴት እያለቀሰች ከችሎት ስትወጣ ካሜራቸውን ወደ መሬት ይደፉላታል። ዓይናቸውንም ዞር ያደርጋሉ። ሲጋራቸውን ይለኩሳሉ፣ ይቀላለዳሉ። እሷ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ፓውደሯን ትቀባለች፣ የከንፈር ቀለሟን ታደርጋለች። ዝግጁ ነኝ ስትል ያን ጊዜ ያነሣሉ። አንድ ደቂቃ ነው። ሰርቆ ያነሣ ሰው ቢኖር ሌሎቹ ከዚያ ወዲያ አብረውት አይቆሙም።"

"ትናንትስ?"

"ትናንት..." ሽማግሌው አሁን ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ቬልማን አየት አድርጎ ዓይኑን ሰበረ። "ትናንት ደቂቃው ግማሽ እንኳ አልሆነም ነበር። 'ኑ እንጂ ልጆች! ወዲህ! እዚህ መስኮቱ ጋ ነኝ! ምን ትጠብቃላችሁ?' ብላ ጠራቻቸው።"

"ራሷ?"

"ራሷ። እያጨበጨበች።"

"በዚህ ሕንፃ ስንት ዓመት ሠሩ?"

"አሥራ አራት።"

"በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ደቂቃዋን አልፈልግም ያለች ሌላ እናት አይተዋል?"

"ኧረ አላየሁም" አለ ሚስተር ቦግስ፣ እያዘነ።

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አጉረመረሙ። አንዷ "ወይ አንጀት!" ስትል ቬልማ ሰማቻት። ዳኛው ጋዜጣውን አጥፈው አስቀመጡና ከሰዓት በስምንት ሰዓት ወይዘሮዋን ከሰሙ በኋላ ውሳኔያቸውን ዛሬውኑ እንደሚሰጡ ተናግረው ተነሡ።

ኮሪደሩ ላይ የዌስሊ አባት ሃርላን ፕሩይት ከገዛ እናቱ ጋር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። መኪና ሻጭ ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ደግሞ የመኪና ነጋዴ የሚነካው ሁሉ የሚሰምርለት ዘመን ነው። ባርኔጣውን እንኳ ከራሱ ላይ አላነሣላትም።

"ዛሬስ አይሳቅም?" አላት።

ክንዷን የያዟት ጠበቃዋ ሚስተር ሎውል ጎትተው አሳለፏት። ሎውል አንድ እግራቸው የሚያነክስ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከችሎት ሲወጡ ሁልጊዜ ይርባቸዋል። መንገዱን ተሻግረው ምሳም ከሚሸጥበት ፋርማሲ ገብተው ባንኮኒው ጥግ ላይ አስቀመጧትና ለሁለቱም የእንቁላል ሳንድዊች አዘዙ። እሷ የሷን አልነካችውም።

"እንግዲህ እኔና አንቺ ብቻ ነን" አሏት። "ለምን ሳቅሽ?"

"ሳቄ መጣ።"

"ቬልማ!"

"ሳቄ መጣ አልኩዎት እኮ።"

"ሠላሳ ዓመት ጠበቃ ሆኛለሁ። ሰው የገደለ እንኳ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ያመጣልኛል። ስምንት ሰዓት ላይ ያ ሰውዬ ይህንኑ ይጠይቅሻል። ሳቄ መጣ ብለሽው ልጅሽን በእጅሽ ልታስረክቢው ነው? ሃርላን በመስከረም የወታደር ትምህርት ቤት ሊያስገባው አስመዝግቦታል፤ ታውቂያለሽ አይደል? አዳሪ። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምታይው፣ እሱም እሱ ከፈቀደ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ተናገሪያ!"

ቬልማ ብርጭቆዋን ባንኮኒው ላይ ወዲያና ወዲህ አዞረች። አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ አንድ ሰው ሲቀመጥ ሎውል አንገታቸውን አዙረው ፊታቸው ተኮሳተረ። ኦርቪል ታግ ነበር፤ ያንን ፎቶ ያነሣው ራሱ ኦርቪል። በሲጋራ እሳት የተበሳሳ ኮት የሚለብስ፣ ጣቶቹ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የጠቆሩ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው። ቬልማን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በባሕር ዳርቻ በታኅሣሥ ብርድ አይስክሬም እያስበላ ፎቶ አንስቷት ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

"ተቀመጥ አልኩህ?" አለችው።

"አላልሽኝም። ተቀምጫለሁ ግን።"

"ፎቶህ አምሮልሃል።"

"አትውጊኝ ቬልማ። ርዕሱን እኔ አልጻፍኩትም።"

"ሳቁንስ ቢሆን አንተ አልሳቅከው።"

"ነገር አለኝ" አለ ኦርቪል፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ስትሰማ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። ከኮቱ ውስጥ ቡናማ ፖስታ አወጣ። "ሚስተር ሎውል፣ እርስዎም ይስሙኝ። ይህ ነገር ከተሰማ ፎቶ አንሺዎቹ ኮሪደሩን ያስለቅቁኛል። በፓውደር ደቂቃው ሰርቄ አነሣሁ። አውቄ አይደለም፤ በእናቴ! ካሜራዬን እንደ ሁላችንም ወደ መሬት ደፍቼ ነበር። የድሮ ካሜራ ነው፣ ማንሻ ቁልፉ ላልቷል፤ ጣቴ ሲያርፍበት ተነሣ። የካሜራዬ አምፑል ስላልበራ ማንም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ። ዛሬ ጠዋት የተረፉትን ፊልሞች ሳጥብ ነው ያገኘሁት።"

"ካሜራህ ወደ መሬት ከነበረ ምን ሊነሣ ይችላል?" አሉት ሎውል።

"እሷ መሬት ላይ ነበረቻ" አለ ኦርቪል።

ቬልማ ፖስታውን ከእጁ መንጭቃ ከፈተችው።

ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ቬልማ በጉልበቷ እብነ በረዱ ላይ ተንበርክካለች። ኩሏ ጉንጯን ሁሉ አበላሽቶታል፣ አፏ ተጣሟል፣ እንዲያ ሆና ማንም አይቷት አያውቅም። በሁለት እጇ ጃኬቷን በዌስሊ ወገብ ላይ እያሰረች ነው። ዌስሊ በትከሻዋ ላይ ተደግፎ ወደ ካሜራዎቹ ያያል። ጃኬቱ ገና አልዞረለትም፤ ግራጫው ሱሪ ከፊት በኩል እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ ካልሲው ርሷል፣ ጫማው ሥር ወለሉ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል።

የልጁ ፊት! እሱን ማየት አልቻለችም፤ ፎቶውን ገልብጣ ባንኮኒው ላይ አስተኛችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዌስሊ ከዳኛው ቢሮ ሲወጣ በግራና በቀኝ የተደረደሩትን ካሜራዎች አየና ሽንቱ አመለጠው። የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። "እማዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው" አላት። "ልጆቹ እንዳያውቁ። እማዬ፣ እንዳትናገሪ።" "ማንም አያውቅም" አለችው። "ማንም። እምልልሃለሁ።" የልጁ ሞግዚት ሄዲ እጁን ይዛ ልታወርደው ነበር፤ ደረጃው ግን ያለው ከፎቶ አንሺዎቹ ወዲያ ነው። ደቂቃዋ ስታልቅ ደግሞ ሁሉም ቀና ይላሉ። ቬልማ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ አሥራ አምስት ዓመት ፊቷ ላይ ሲፈነዳ የኖረ ነገር ነው። ሰባት የካሜራ አምፑል ባንድ ላይ ሲበራ በዚያ የቆመ ሰው ለትንሽ ጊዜ ምንም አያይም። ፊቷን በመሐረብ ጠረገች፣ ከደረጃው በተቃራኒ ወዳለው መስኮት ሮጠች፣ አጨበጨበች፣ ጠራቻቸው። ሳቋንም ሰጠቻቸው። እነሱ ዓይናቸውን እያሹ አንድ ጊዜ ድገሚልን ሲሏት ሄዲና ልጁ ደረጃውን ወርደው ጨርሰው ነበር። ደጋግማ ሳቀችላቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ሎውል፤ ፎቶውን ገልብጠው ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺ ሴት፣ ይህንን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው? ስምንት ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ ዳኛው ፊት አስቀምጠዋለሁ፣ በቃ! ከዚህ ሌላ ምን ዓይነት እናት ያሻቸዋል?"

"አይሆንም" አለች ቬልማ።

"ምን?"

"ማልኩለት።"

"ልጅሽ ሲያድግ ይገባዋል፤ ምን ሆነሻል!"

"ሚስተር ሎውል፣ ባለፈው ሚያዝያ ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ዌስሊ አልጋው ላይ ሸና። ሃርላን አንሶላውን አውጥቶ በመንገዱ በኩል ካለው አጥር ላይ ሰቀለው። ልጄን ከጎኑ አቆመው። እስከ ቀትር። የሰፈሩ ልጆች በብስክሌት እየተመላለሱ አዩት። እኔ ከሥራ ፍለጋ ስመለስ ነው አንሶላውን ያነሣሁት። በማግስቱ ነው ፍቺ የጠየቅሁት።"

ሎውል ሳንድዊቻቸውን አስቀመጡት። "ይህን እስካሁን አልነገርሽኝም።"

"ብነግርዎ ችሎት ላይ ይናገሩታላ። ችሎት ላይ የተነገረ ደግሞ ማታ ጋዜጣ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ማንበብ ይችላሉ እኮ።"

"ለፐርሲ ሰጥቼ አስቀባዋለሁ" አለ ኦርቪል ድንገት። "ጋዜጣችን ቤት ፎቶ የሚያድሰው ፐርሲ በብሩሽ የማይሠራው የለም። አንድ ጊዜ የከንቲባውን ሚስት ውሻ አጥፍቶ አበባ አድርጎታል። ሱሪውን ያደርቀዋል፣ ወለሉንም ይጠርገዋል። አንቺ እያለቀስሽ ጃኬት ስታለብሽው ብቻ ይታያል።"

ቬልማ ቀና አለች። ለቅጽበት ያህል ፊቷ ተፈታ።

"የተቀባ ፎቶ ይዤ ችሎት ልግባ?" አሉ ሎውል። "ስታንዲሽ ሞኝ መሰለህ? ፎቶው የታተመበትን ፊልም፣ ኔጋቲቩን አምጡ ይላል። ኔጋቲቩ ደግሞ አይቀባም።"

"ለዳኛው ብቻ ቢያሳዩአቸውስ?" አለች ቬልማ። "ቢሯቸው ገብተው። በር ዘግተው።"

"ለዳኛው ያሳየሁትን ለስታንዲሽም ማሳየት አለብኝ። ሕጉ ነው።"

"ስታንዲሽ ያየውን ደግሞ እኛ እናየዋለን" አለ ኦርቪል። "ትናንት ልጁ ዳኛው ፊት ማልቀሱን ማን የነገረን ይመስልሻል? አልደብቅሽም ቬልማ፤ ይህ ፎቶ እዚያ ክፍል ከገባ አሥር ሰዓት ሳይሆን የሁሉም ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ነው። ነገ ኒውዮርክ ያዩታል። የኔ አለቃማ ይህን እንደያዝኩ ቢያውቅ አሁን ከዚህ በሕይወት አያስወጣኝም።"

"ታዲያ ለምን አመጣኸው?" አለችው፤ እንባዋ መጣ።

"ምን ላድርግ? ልጅሽን እኮ ሊወስዱብሽ ነው። በኔ ፎቶ!"

ሎውል እጃቸውን እጇ ላይ አደረጉ። ድምፃቸው የአባት ሆነ። "ስሚኝ ልጄ። አንድ ሳምንት ይስቁበት ይሆናል። ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል። አንቺ ጋ ሆኖ ይሳቅበት። ሃርላን ጋ ሆኖ ማንም ባይስቅበት ይሻላል?"

"እናሸንፋለን?"

"ከአሁኑ የተሻለ ዕድል አለን።"

"እሱን አልጠየቅሁዎትም። በርግጠኝነት እናሸንፋለን?"

ሎውል ውሸታም ሰው አይደሉም። እንዲያ ቢሆኑ ኖሮ ትልቅ ጠበቃ ይሆኑ ነበር። ወደ ሰሃናቸው አዩ። "ሃርላን ቤት አለው፣ ገንዘብ አለው፣ እናቱ አለች። ዳኛው ደግሞ ሥራ የሌላት ዘፋኝ አይወዱም። ከግማሽ በላይ አለን እላለሁ። ከግማሽ ትንሽ በላይ።"

"ባናሸንፍስ? ሃርላን ፎቶውን ችሎት ላይ አይቶታል ማለት ነው። ልጁም እሱ ጋ ነው። ያን ጊዜስ?"

ኦርቪል ኮፍያውን በእጁ ያዞራል።

"ኔጋቲቩን አምጣ" አለችው።

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጋዜጣ ላይ በሠራበት ዘመን ኔጋቲቭ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ከፎቶው ጋር ፖስታው ውስጥ ከታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

"ንብረቱ ያንቺ ነው" አሉ ሎውል። "ያለ ፈቃድሽ አላወጣውም። ግን እኔ ተነሥቼ ማስረጃ አለን እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ቬልማ የፋርማሲው የስልክ ሳጥን ውስጥ ገባችና ሃርላን ቤት ደወለች፤ ዌስሊ ክርክሩ እስኪያልቅ ያለው እዚያ ነው። ሄዲ ናት ያነሣችው። ወሬ አላበዛችም፤ "አሁን አሮጊቷ ከፍርድ ቤት ተመልሳለች፣ ቶሎ በይ" ብላ ልጁን አቀረበችላት።

"እማዬ?"

"የኔ ጌታ! ምሳ በላህ?"

"ትንሽ።" ትንፋሹ ይሰማታል። "እማዬ፣ ማንም አላወቀም?"

"ማንም አላወቀም።"

"አባዬም?"

"እሱም አያውቅም። ሱሪህን ሄዲ አጥባዋለች። አለቀ።"

"ጋዜጣውን አየሁት" አለ ዌስሊ። "አባዬ ቁርስ ላይ አሳየኝ።"

ቬልማ የስልክ ሳጥኑን ግድግዳ ያዘች።

"በኔ ነው የሳቅሽው?"

"አይደለም! ዌስሊ፣ ስማኝ፣ በጭራሽ በአንተ አይደለም!"

"ታዲያ ለምን ሳቅሽ?"

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከኋላው የሃርላን እናት ድምፅ መጣ፤ "ማን ነው? ማንን ነው የምታናግረው?" ስትል ተሰማ። ልጁ ተንጠራርቶ ስልኩን ሊሰቅል ሲሞክር ጆሮዋ ላይ ተንኳኳ፣ ተቋረጠ። ቬልማ ድጋሚ ብትደውል ማንም አላነሣም። ከዚያ ሳጥን እንዴት እንደወጣች፣ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። አልቅሳ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ግን እንባዋ ነጥፎ ነበር።

የምስክር መቀመጫው ላይ ስትወጣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከጋዜጠኞቹ ወንበር መጨረሻ ላይ ኦርቪል ያለ ካሜራ ተቀምጧል። ሃርላን እግሩን አነባብሮ ሰዓቱን ያያል።

ስታንዲሽ መጀመሪያ ስለ ፊልሞቿ ጠየቃት። ስለ ምሽት ክበቦች ጠየቃት። ከማን ጋር እራት እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደገባች ጠየቃት። ሁሉንም እንደ ሆነው መለሰችለት። ከዚያ ጋዜጣውን አንስቶ ፊቷ ላይ ያዘላት።

"ይህች እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ትናንት በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ነበር?"

"አልነበረም።"

"ታዲያ ለምን ሳቁ?"

ሎውል ወንበራቸውን አስጮኸው ተነሡ። "ክቡርነትዎ! ደንበኛዬ ትናንት በዚያ ኮሪደር የሆነውን በትክክል የሚያሳይ ማስረጃ በእጇ አላት። አሁን፣ እዚህ አለ። ለማቅረብ ፈቃድዋን ነው የምጠብቀው።"

ስታንዲሽ ወደ ሃርላን ዞረ፤ ሃርላን ትከሻውን ሰበቀ። የጋዜጠኞቹ እርሳስ ሁሉ ተዘጋጀ። ዳኛ ኮልቪን መነጽራቸውን አውልቀው ወደሷ ዘንበል አሉ። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ሊያምኗት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር፤ ቬልማን የጎዳት እሱ ነው።

"ወይዘሮ ፕሩይት፣ የሚያሳዩኝ ነገር አለ?"

ሎውል እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሁለት እርምጃ ነው የሚርቁት። ቦርሳውን መክፈት፣ ፖስታውን ማቀበል፤ ሌላ ምንም አይጠበቅባትም። ከግማሽ ትንሽ በላይ ብለዋታል። ዌስሊን አሰበችው፤ በስልኩ ውስጥ ማንም አላወቀም ወይ ሲላት የነበረውን ድምፁን። ከዚያ አጥሩ ሥር ቆሞ አየችው። ልጇን ትፈልገዋለች፤ ጠዋት ፀጉሩን ማበጠር፣ ማታ ጥርሱን ማስቦረሽ ትፈልጋለች፤ ከዚህ ውጭ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር የለም።

"የለም፣ ክቡርነትዎ" አለች። "ጠበቃዬ ተሳስተው ነው።"

"ቬልማ!" አሉ ሎውል።

"የለኝም። ምንም የለኝም።"

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እንግዲያ ጥያቄው ይመለስ። ለምን ሳቁ?"

"ካሜራ ሳይ እስቃለሁ" አለች ቬልማ። "ሥራዬ ነበር፤ ለምጄው ነው።"

"ልጅዎ እያለቀሰም?"

ቦርሳውን በሁለት እጇ ወደ ሆዷ ሳበችው።

"አዎ፣ ክቡርነትዎ" አለች። "እያለቀሰም።"